ኮዱ የሚጀምረው ከኩላሊቱ ነው ወይስ ከእርሳሱ?

ጥያቄ፦ በአንድ ሆስፒታል የሕክምና መዝገብ ክፍል የበሽታ ስሞችን ወደ ኮድ የምቀይር ኮድ ሰጪ ሆኜ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን የደረሰኝ ካርድ የ54 ዓመት ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የመኪና ባትሪ ሲፈታና ሲጠግን ኖሯል፤ ለጀርባ ሕመሙም ለብዙ ዓመታት ኢቡፕሮፌን ይወስድ ነበር። ሐኪሙ በመውጫ ማጠቃለያው ላይ «በእርሳስ መመረዝ ምክንያት የመጣ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም፣ ደረጃ 3ቢ። የሕመም ማስታገሻ የመውሰድ ታሪክ አለው» ብለው ጽፈዋል። እኔ ኤን14.3ን (በከባድ ብረት የመጣ የኩላሊት ጉዳት) አስቀድሜ ቲ56.0ን (የእርሳስ መመረዝ) አስከተልኩ፤ ኤን14.0ንም (በሕመም ማስታገሻ የመጣ የኩላሊት ጉዳት) ጨመርኩ። ኦዲተሩ «ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል፤ አንዱ ኮድ ደግሞ መሠረት የለውም» ብሎ መለሰልኝ። የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው?

ምላሽ፦ ስህተቱን ከማሳየቴ በፊት ጠረጴዛዎ ላይ ያለው መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት፤ ለዚህ ካርድ ሁለቱ መጻሕፍት የሚያዙት ቅደም ተከተል ተቃራኒ ነውና። በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ መጽሐፍ፣ በአይሲዲ-10፣ ኤን14 ሥር ያለው ማስታወሻ መርዛማውን ነገር ለይቶ ማሳየት ሲፈለግ ከምዕራፍ 20 የውጭ ምክንያት ኮድ እንዲጨመር ይፈቅዳል። በዚያ መጽሐፍ ኩላሊቱ ይቀድማል ማለት ነው። ኤን14.3 መሪ ይሆናል፤ በኬሚካል ድንገት መመረዝን የሚያሳየው ኤክስ49 ይከተለዋል፤ ሕመሙ ከሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማሳየትም ዋይ96 አለ። በአሜሪካው ቅጂ፣ በአይሲዲ-10-ሲኤም፣ ያው ኤን14 ሁለት ማስታወሻዎች ተሸክሟል። የመጀመሪያው «በመድኃኒት ወይም በመርዝ መመረዝ ካለ አስቀድመህ እሱን ኮድ አድርግ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ መድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት አድርሶ ከሆነ መድኃኒቱን የሚለይ ተጨማሪ ኮድ እንዲከተል ያዝዛል።

ኦዲተሩ ቅደም ተከተሉን የነቀፈው ይህንን የአሜሪካ ቅጂ ይዞ ይመስለኛል። ደረጃ 3ቢን ለይቶ ኤን18.32 ብሎ የሚያስመዘግበውም እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2020 ጀምሮ። የዓለም ጤና ድርጅቱ መጽሐፍ ደረጃ 3ን ሳይከፍል በኤን18.3 ያልፈዋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምጽፈው በአይሲዲ-10-ሲኤም ሕግ ነው። የላቲን ፊደሎቹን እርስዎ እንዳደረጉት በአጠራራቸው እጽፋቸዋለሁ።

አዲስ ኮድ ሰጪ ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ ይሰናከላል። ማጠቃለያውን ያነባል፤ «ኩላሊት» የሚል ቃል ያያል፤ ወዲያው የኩላሊት በሽታዎች ወዳሉበት ምዕራፍ 14 ይሮጣል። የኤን14 ቤተሰብ ግን መልሶ ይጠይቀዋል፦ ነገሩ ወደ ሰውየው አካል የገባው እንዴት ነው? ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ለዚህ የምንሰጠው መልስ ነው። መድኃኒቱ በትክክል ታዝዞ፣ በትክክለኛው መጠንና መንገድ ተወስዶ ጉዳት ካደረሰ የጎንዮሽ ጉዳት ይባላል። ያኔ ጉዳቱ ይቀድማል፤ መድኃኒቱን የሚለየውና የጎንዮሽ ጉዳት መሆኑን በ5 ቁጥር የሚያመለክተው የቲ ኮድ ይከተላል። መጠኑ ከበዛ፣ የተሳሳተ መድኃኒት ከተሰጠ፣ በተሳሳተ መንገድ ከገባ፣ ወይም ያልታዘዘ መድኃኒት በትክክል ከታዘዘው ጋር ተደርቦ ሁለቱ ተጋጭተው ጉዳት ካደረሱ መመረዝ ነው። እዚህ ላይ የቲ ኮዱ ይቀድማል፣ ኩላሊቱ ይከተላል። ሦስተኛው መንገድ ነገሩ ጭራሽ መድኃኒት ሳይሆን ሲቀር ነው። እሱ ከቲ51 እስከ ቲ65 ባለው ክፍል ውስጥ ይወድቃል፤ እዚያም የሚቀድመው መርዙ ነው።

እርሳስ የሚገባው በዚህ በሦስተኛው በር ነው። ዛሬ እርሳስን በመድኃኒትነት የሚያዝዝ ሐኪም የለምና «የጎንዮሽ ጉዳት» የሚባል ነገር የለውም፤ በቲ56 ሥር ቁጥር 5ን ቢፈልጉም አያገኙትም። የካርድዎ ትክክለኛ አጻጻፍ መጀመሪያ ቲ56.0ኤክስ1ኤ፣ ቀጥሎ ኤን14.3፣ ቀጥሎ ኤን18.32 ነው። መሐል ላይ ያለው ኤክስ ትርጉም የለውም፤ ባዶ ቦታ ይሞላል። ግን ከተዘለለ ኮዱ ውድቅ ይሆናል፤ እርስዎም ቲ56.0 ብለው ስላቆሙ በዚህ ብቻ ሊመለስብዎ ይችል ነበር። ቁጥር 1 «በድንገት» ማለት ነው። ሐኪሙ ስለ ሁኔታው ምንም ካልጻፉ መመሪያው በድንገት እንደደረሰ ቁጠሩት ይላል። «ያልታወቀ» የሚለውን 4 ቁጥር የምንጠቀመው ሐኪሙ ራሳቸው ሁኔታውን ማወቅ አልተቻለም ብለው ሲጽፉ ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችው ሰባተኛዋ ፊደል የብዙ ክርክር ምንጭ ናት፤ ስለዚህ ጊዜ ወስጄ ላብራራት። «ኤ»ን ብዙዎች «የመጀመሪያ ጉብኝት» ብለው ይይዟታል። መመሪያው የሚያያት በሌላ ዓይን ነው፦ ሕመምተኛው ለመመረዙ በሂደት ላይ ያለ ሕክምና እያገኘ እስከሆነ ድረስ አሥረኛ ጊዜ ቢመጣም «ኤ» ነው። ሕክምናው አልቆ በማገገም ላይ ላለ ሰው «ዲ» ትሆናለች። «ኤስ» ደግሞ መመረዙ አልፎ ጠባሳው ለቀረበት ሰው ናት። አሁን ይህንን ያስቡ፦ ሕመምተኛዎ የባትሪውን ሥራ ከተወ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖት፣ በደሙ ያለው እርሳስም ወርዶ፣ የቀረው የተኮማተረ ኩላሊት ብቻ ቢሆን ኖሮ? ያኔ ሐኪሙ ይህ የቀድሞው መመረዝ ተረፈ ጉዳት ነው ብለው ከጻፉ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በተረፈ ጉዳት አጠቃላይ ሕግ አሁን ያለው ሕመም ይቀድማል፣ ምንጩ ቲ56.0ኤክስ1ኤስ ሆኖ ይከተላል። አንድ ሰው፣ አንድ መርዝ፣ አንድ ኩላሊት፤ ጊዜው ብቻ ሲለወጥ የመጀመሪያው ኮድ ተለወጠ።

ነገሩን የሚያወሳስበው የእርሳስ ጠባይ ነው። ከደም ወጥቶ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፣ እዚያም አሥርት ዓመታት ይቆያል፣ ቀስ እያለም ወደ ደም ይመለሳል። «አልፏል» ወይስ «አሁንም አለ» የሚለውን ፍርድ ኮድ ሰጪ ሊሰጥ አይችልም። የደም ውጤቱን አይቶ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ የእኛ ድርሻ እንዲጽፈው መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ኤን14.0 ልምጣ። ኦዲተሩ መሠረት የለውም ያለው ይህንን መሆን አለበት፤ በዚህም አብሬው ነኝ። የሐኪሙን ዓረፍተ ነገር ደግመው ያንብቡት። ለእርሳሱ «ምክንያት» የሚል ቃል ተጠቅመዋል። ለማስታገሻው ግን «ታሪክ አለው» ብቻ ነው ያሉት። ታሪክ ምክንያት አይደለም። ሰውየው ኢቡፕሮፌን ሲወስድ ነበር፣ ኩላሊቱም ታሟል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ በወረቀቱ ላይ የለም፣ እኛም ልንሠራው አይፈቀድልንም። እርግጥ በሐኪሙ ቦታ ብሆን እኔም እጠረጥር ነበር። የኮድ ሥራ ግን የሚቆመው በጽሑፍ ላይ ነው።

የሕመም ማስታገሻ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የራሱ ኮድ ያገኘበት ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሽፑለርና ዞሊንገር የተባሉ የስዊዘርላንድ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የማስታገሻ አጠቃቀምና የኩላሊት ቱቦዎች ዙሪያ ጉዳት አብረው እንደሚሄዱ ጻፉ። ዋናው ተጠርጣሪ ፌናሴቲን የተባለ መድኃኒት ነበር፤ ከሌሎች ማስታገሻዎች ጋር ተቀላቅሎ በአንድ እንክብል ይሸጥ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ከገበያ አስወጣችው። ኤን14.0 የዚያ ዘመን አሻራ ነው፤ ሐኪም «የማስታገሻ ኔፍሮፓቲ»፣ ማለትም ማስታገሻ ያመጣው የኩላሊት ጉዳት፣ ብሎ ስም ሲሰጠው ወደዚያ እንሄዳለን። ስም ካልሰጠው አንሄድም።

ስለዚህ ለሐኪሙ የጽሑፍ ጥያቄ ይላኩ። አደራዬ ግን መልሱን በጥያቄው ውስጥ እንዳያስገቡት ነው። «ኩላሊቱ በኢቡፕሮፌንም ተጎድቷል ብለን እንጻፍ?» የሚለው ጥያቄ ሐኪሙን ወደ አንድ በር ይገፋል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «በማጠቃለያው ላይ የረዥም ጊዜ የኢቡፕሮፌን አጠቃቀም ተመዝግቧል። ይህ አጠቃቀም ለኩላሊት ሕመሙ አስተዋጽኦ አድርጓል፣ አላደረገም፣ ወይስ መወሰን አይቻልም? አድርጓል ከሆነ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ይወስድ የነበረው በታዘዘው ወይም በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ነው ወይስ ከዚያ በላይ?» ሁለተኛው ግማሽ አይዘለል። መልሱ «አዎ፣ በተፈቀደው መጠን» ከሆነ ኤን14.0 ይጨመራል፣ ኢቡፕሮፌንን የሚያሳየው ቲ39.315ኤ ይከተለዋል። «አዎ፣ ግን ከተጻፈው እጥፍ ይውጥ ነበር» ከሆነ መመረዝ ነው፤ ቲ39.311ኤ ከኤን14.0 በፊት ይቆማል። «አላደረገም» ካሉ የረዥም ጊዜ አጠቃቀሙን ብቻ ለማሳየት ዜድ79.1 በቂ ነው፤ ያውም አሁንም የሚወስድ ከሆነ።

ይህችን የመጠን ጥያቄ አጥብቄ የምይዘው አንድ ካርድ ስላስተማረኝ ነው። ከዓመታት በፊት ነው። ማጠቃለያው «በጄንታማይሲን ምክንያት የመጣ የኩላሊት ቱቦዎች መሞት» ይላል፤ እኔም ኤን17.0 አስቀድሜ ቲ36.5ኤክስ5ኤ አስከትዬ ልዘጋው ነበር። ልማድ ሆኖብኝ የመድኃኒት መስጫ ቅጹን ገለጥኩ። ትእዛዙ «በየ24 ሰዓቱ» ይላል። ከሥሩ ግን በአንድ ቀን ረድፍ ውስጥ ሦስት ፊርማ አለ፤ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ። በማግሥቱም ሦስት። አራት ቀን እንዲሁ ሄዷል፤ በአምስተኛው ቀን ነው አንድ ሰው በቀይ እስክሪብቶ «ይቁም» ብሎ የጻፈው። ጄንታማይሲን በቱቦዎቹ ሴሎች ውስጥ እየተከማቸ የሚጎዳ መድኃኒት ነው፤ ያ ቅጽ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚበዛው የክሬአቲኒን መጠን ለምን እንደጨመረ ቀን በቀን ያስረዳ ነበር። ቢሆንም 5ን ወደ 1 በራሴ እጅ አልቀየርኩም። ቅጹን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ከጥያቄ ጋር ላክሁ። ሐኪሙ ወደ ክፍላችን ወርደው መጡ፤ ቆመው እያንዳንዱን ፊርማ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ተቀምጠው ተጨማሪ ማብራሪያ ጻፉ፤ መድኃኒቱ በስህተት ከታዘዘው በላይ መሰጠቱን አልደበቁም። ኮዱ ተገለበጠ፤ ቲ36.5ኤክስ1ኤ ቀደመ፣ ኤን17.0 ተከተለ። ያንን ቅጽ ባልገልጠው ኖሮ በመዝገብ የሚቀረው «መድኃኒቱ ባሕርዩ ነው» የሚል ወሬ ነበር፤ የአሰጣጡን ጉድለት የሚያርም ሰውም ምልክት አያገኝም ነበር።

ስለ ከባድ ብረታ ብረት ካነሳን አይቀር አንድ ወጥመድ ልንገርዎ። ሲስፕላቲን የካንሰር መድኃኒት ነው፤ ውስጡ ያለው ፕላቲነም ነው፤ ኩላሊትን እንደሚጎዳም የታወቀ ነው። «ፕላቲነም ከባድ ብረት ነውና ኤን14.3 ነው» የሚል ኮድ ሰጪ አጋጥሞኛል፤ ኬሚስትሪው ልክ ነው፣ ኮዱ ግን ስህተት። በሐኪም እጅ እንደ መድኃኒት የገባ ነገር በመድኃኒትነቱ ይቆጠራል፤ ኤን14.19፣ ከእሱም ጋር የካንሰር መድኃኒቶች የሚገቡበት ቲ45.1ኤክስ5ኤ። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ሊቲየምም እንዲሁ ነው፤ ብረትነቱ ወደ ቲ56 አይወስደውም። በተቃራኒው አርሴኒክን በቲ56 ውስጥ ሲፈልጉ ያመሹ አሉ፤ ያለው ቲ57.0 ላይ ነው። ካድሚየም ቲ56.3፣ ሜርኩሪ ቲ56.1።

ካድሚየምን ካነሳሁ፣ ይህ ብረት የኮድ ሥራችንን ክብደት ያሳየኛል። በኩላሊት ቅርፊት ውስጥ ተከማችቶ ለመውጣት አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። በጃፓን በቶያማ ግዛት፣ በጂንዙ ወንዝ ተፋሰስ፣ ከማዕድን ማውጫ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ሩዝ ማሳው የገባ ካድሚየም የገበሬዎችን ኩላሊትና አጥንት ጎድቶ ነበር። አጥንታቸው በቀላሉ የሚሰበር ሴቶች ሲያቃስቱ ከሚያወጡት ድምፅ «ኢታይ ኢታይ»፣ አመመኝ አመመኝ፣ የሚል ስም ወጣለት። መንግሥት ከብክለት የመጣ በሽታ ነው ብሎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚታወቀው አንድ ሐኪም አንድ ሰው ስላከመ ሳይሆን ብዙ ሰዎች በአንድ ስም ሲቆጠሩ ነው። የእርስዎ ሕመምተኛ በኤን18.32 ብቻ ቢመዘገብ ከሺህ የኩላሊት ሕመምተኞች አንዱ ሆኖ ይሰወራል። ቲ56.0 ከፊቱ ሲቆም ግን እርሳስን የሚቆጥር ሰው ያገኘዋል፤ አብረውት ባትሪ የሚፈቱትም አሁንም እዚያ ናቸው።

ሌሎቹን በአጭሩ። ሐኪሙ «በደም ውስጥ ከፍ ያለ የእርሳስ መጠን» ብቻ ብለው «መመረዝ» ባይሉ ኖሮ አር78.71 ይበቃ ነበር። ይህ ኮድ ከቲ56.0 ጋር በአንድ ካርድ ላይ አይቆምም፤ የቤተ ሙከራ ወረቀቱ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ስላዩ ብቻ «መመረዝ» ብለው እንዳይጽፉም ይጠንቀቁ። ሕመምተኛው በእርሳስ የመጣ ሪህ እንዳለበት ከተጻፈ ኤም10.1 አለ፤ እሱም ቲ56.0ን ከፊቱ ይፈልጋል። ለምስል ምርመራ በደም ሥር በሚሰጥ ኮንትራስት የተጎዳ ኩላሊት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የራሱ ኮድ አለው፤ ኤን14.11፣ ከቲ50.8ኤክስ5ኤ ጋር። የቀድሞውን ኤን14.1 ሳይከፍሉ የሚጽፉ አሁንም አሉ፤ በአሜሪካው ቅጂ ያ ኮድ ብቻውን አይቀበልም። መድኃኒት ላልሆነ መርዝ፣ ብረትም ላልሆነ፣ ኤን14.4 ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ከመቶ በላይ ሰዎች የገደለው የሰልፋኒላማይድ ሽሮፕ ዓይነት ነገር ቢመጣ ጥፋተኛው መድኃኒቱ አልነበረም፤ ማሟሟያ ሆኖ የገባው ዳይኢትሊን ግላይኮል ነው፣ ቦታውም ከግላይኮሎች ጋር ቲ52.3 ነው።

የኤን14ን አጥር ግን አይርሱ። ይህ ቤተሰብ የሚናገረው ስለ ቱቦዎቹና በመካከላቸው ስላለው ሕብረ ሕዋስ ነው። የቆዳ ማንጫ ቅባት ውስጥ ያለ ሜርኩሪ አንዳንዴ የሚጎዳው ማጣሪያዎቹን ነው፤ ሐኪሙ ሜምብረነስ ኔፍሮፓቲ ብለው ከጻፉ ቤቱ በማጣሪያ በሽታዎች ክፍል እንጂ ኤን14.3 አይደለም። ቲ56.1 ግን እዚያም ይቀድማል።

ካርዱን ከመመለስዎ በፊት አንድ ገጽ ይግለጡ፤ የደም ግፊት መዝገቡን። እርሳስ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የታመመ ኩላሊትም እንዲሁ፤ የዚህ ሰው ግፊት ከፍ ብሎ ተመዝግቦ ቢያገኙት አይገርመኝም። ሐኪሙ የደም ግፊት በሽታ ብለው ከጻፉ አይሲዲ-10-ሲኤም ከሥር የሰደደው የኩላሊት ሕመም ጋር ዝምድና እንዳለው አስቀድሞ ይገምታል፣ ሁለቱን በአንድ የሚይዘውን አይ12ንም ያመጣል፤ ሐኪሙ አይዛመዱም ብለው በግልጽ ካልጻፉ በቀር። በዚያው የጽሑፍ ጥያቄ ላይ ይህንንም ሁለተኛ ቁጥር አድርገው ቢያስገቡት ሐኪሙ አንዴ ተቀምጠው ሁለቱንም ይመልሱልዎታል።